በጎረቤቴ ቀብር ላይ ያነበብኩት

እኔ የቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ሞቶ ጥሩንባ ከተነፋ፣ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ቀጥሎ የምፈለገው እኔ ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ የኛ ደግሞ ሙስሊም ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ነው። ሙስሊም ሲሞት የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ተረኞቹን ከመዝገብ አይቼ እጠራለሁ፣ የቀረውን እነሱ ያውቁታል። ክርስቲያን ሲሞት ግን የሕይወት ታሪክ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ፍትሐቱ እንዳበቃ፣ ማይክራፎን ይዤ የሟቹን ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ "የጽሕፈት ሰው ነው" ብለው ደብተሩን አስታቀፉኝ። እኔም እምቢ አላልኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ድምፄ ወፍራም ነው፣ ማይክም እወዳለሁ። ይህችን እውነት ካልተናገርኩ የቀረውንም ባልናገር ይሻላል።

ድሮ ሥራው እንዲህ ነበር፤ ድሮ ስል ከሁለት ዓመት በፊት ማለቴ ነው። ጥሩንባው እንደተነፋ ጋቢዬን ደርቤ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ። አስክሬኑ ያለበት ክፍል አልገባም። ኩሽና በር ላይ በርጩማ ይሰጡኝና ሟችን ያውቃሉ የሚባሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይጠሩልኛል። እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። የት ተወለደች? ምን ሠራች? ማንን ወለደች፣ ማንንስ አሳደገች? ያልተመለሰልኝን መስመሩን ባዶ እተወዋለሁ። ስጨርስ ዝግ ባለ ድምፅ እዚያው ለነሱ አነብላቸዋለሁ፤ ትልቁ ሥራ ያ ነው። "ይኼን አውጣው፣ ወንድሟን ይከፋዋል" ይሉኛል። "የለም የለም፣ መጀመሪያ ያገባችው እሱን አይደለም!" "ኧረ ባክህ የሻይ ቤቷን ነገር ጨምርበት፣ ስንቱን አብልታለች!" አንዳንዴ እዚያው ይጣላሉ። አንዲት አክስት እስክሪብቶዬን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ሰርዛ ታውቃለች። ባዶው መስመር ላይ ስንደርስ ይተያዩና አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል። ወረቀቱ ሲያልቅ ስርዝ ድልዝ ብቻ ይሆናል፤ እኔ ራሴ እንደምንም ነው የማነበው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ልጄ አዲስ አበባ ነርስ ናት። ለፋሲካ መጥታ በዚህ በታመመ ጉልበቴ እያነከስኩ ለቅሶ ቤት ስሮጥ አየችኝና አሳዘንኳት። "አባዬ፣ ይኼን ኤአይ ለምን አትጠይቀውም? የነገርከውን አሳምሮ ይጽፍልሃል" አለችኝ። ሳቅኩባት። "ማሽን ነው ደግሞ ለሰው ሙሾ የሚያወርድ?" አልኳት። ስልኬ ላይ ጫነችልኝና ለሙከራ የራሴን ታሪክ ነገርነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መዝገብ ቤት፣ ሁለት ልጆች። ደቂቃ አልፈጀበትም። ክርስቲያን ብሆንም ወሎዬ ነኝና ወላሂ እላችኋለሁ፣ ስለራሴ የጻፈውን ሳነብ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለሁ ደግ ሰው መሆኔን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ! ጥሩንባ ሲነፋ አልጋዬ ላይ እንዳለሁ ለሟች ቤተሰብ እደውላለሁ፣ ሁለት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፣ ለስልኩ እነግረዋለሁ፣ ከጎረቤት ጽሕፈት ቤት አሳትሜ ጃኬቴን ለብሼ ወደ ቀብር ነው። ሰዉም ወደደው። "ጋሼ፣ ዘንድሮ ደግሞ እንዴት ነው ብዕርዎ!" ይሉኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። የማንን በሽታ፣ የማንን ቤት ጠብ፣ ማን ከማን እንደተፋታ፣ ሁሉንም ለስልኩ ዘረገፍኩለት። ድሮ ከዚያ ከኩሽና በር የማያልፈው ገመና አሁን የት እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም።

ምልክት አልነበረም አልልም። ሰፈራችን ውስጥ በአጥር ያልከሰሰው ጎረቤት የሌለ ሰው ሞተ፤ ነፍስ ይማር። ስልኩ ምን ብሎ ጻፈ? "ከጎረቤቶቻቸው ጋር በፍቅርና በመቻቻል የኖሩ።" ይኼን ሳነብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው የሚንቀጠቀጠውን ሴቶች ከልቅሶ ቆጥሬላቸው ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ከኔ ቤት ፊት ለፊት የምትኖር፣ ምላሷ የማይቻል አንዲት ባልቴት አለች። ከቀብር ስንመለስ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "አንተ፣ ዘንድሮ ቧንቧ ውሃ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚሞተው? ወንዱም ሴቱም ለተራበ ያበላ፣ ለታረዘ ያለበሰ! እኔ ስሞት እባክህ ነገረኛ ነበረች ብለህ ጻፍልኝ" አለችኝ። ሳቅን። ሳቄን እንደጨረስኩ ግን ተናደድኩባት፤ ቅናት ነው ብዬ ተውኳት።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። ከኔ ቤት ሦስተኛው ቤት ነበር የምትኖረው። እኩያዬ ናት። ጉልበቷ ሳይደክም ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበር የምትሠራው። እዚያ አብራት የምትሠራ አንዲት የደጋን ከተማ ልጅ ነበረች፣ ሙስሊም፣ ባሏ ጥሏት የሄደ። ታመመችና የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ለጎረቤቴ "አደራሽን" ብላ ሰጥታት ሞተች። ጎረቤቴ አላገባች፣ አልወለደች። ልጅቷን አዝላ ደሴ ወደ እናቷ ቤት ወጣች።

እንዴት እንዳሳደገቻት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። "የእናቷን ሃይማኖት አልሰርቅባትም" ብላ መድረሳ አስገባቻት። ቤቷ ውስጥ ሁለት ድስት ነበር፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የልጅቷ። ለልጅቷ ዶሮ ሲታረድ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ያንን ድስት በሌላ ሥጋ አትነካውም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠመ ዓመት እሷ ሽሮዋን፣ ልጅቷ የአፍጥር ሾርባዋን ይዘው ከአንድ ገበታ ሲቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ "እማ" ነው የምትላት። አድጋ፣ ተምራ፣ እሷም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባች። በየሳምንቱ ዕረፍቷ ለእማ ሸመታ ይዛ ትመጣ ነበር። የማደጎ ወረቀት የሚባል ነገር ግን አልነበራቸውም፤ ያስፈልጋል ብሎም ያሰበ የለም።

ጎረቤቴ የሞተችው ክረምት ላይ ነው። ጠዋት ጥሩንባው ሲነፋ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ ጉልበቴ ደግሞ ተሳስሯል። ይኼ ሁሉ ሰበብ ነው። ሦስት ቤት ነው! ተንፏቅቄም ቢሆን እደርስ ነበር። ግን ለምጄ የለ፣ ስልኬን አነሳሁና ከወረኢሉ ገጠር በዋዜማው መጥቶ ለነበረው ለወንድሟ ደወልኩ። የት ተወለደች፣ የት ሠራች፣ አገባች ወይ፣ ወለደች ወይ። "አላገባችም፣ አልወለደችም" አለኝ። የነገረኝን ለስልኩ ነገርኩት። የወጣውን ለፊደል ስህተት ብቻ አየት አደረግኩት፤ አንድም ግድፈት የለው። አሳተምኩት፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ልጅቷን ረስቻት ነበር እንዳልል አልረሳኋትም። ከኮምቦልቻ እየመጣች ነው ሲባል ሰምቼ "አይ የኔ ልጅ፣ ምን ይውጣት" ብዬ ከንፈሬን መጥጫለሁ። ግን ወረቀቱ የተጠናቀቀ ይመስል ነበር፤ ተወለደች፣ አደገች፣ ሠራች፣ ታመመች፣ ዐረፈች። እኔ የማላውቀውን ባዶ እተወው ነበር፤ ባዶው ያሳክከኛል፣ ሄጄ እጠይቃለሁ። ስልኩ ባዶ አይተውም። ባዶ ሳላይ ደግሞ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ፍትሐቱ አለቀ። ዝናቡ ቆሟል። ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው፤ የቅሬያችን ሙስሊሞች እንደ ወጉ አስክሬኑን እስከ በሩ ሸኝተው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ልጅቷ ከነሱ መሃል፣ በሩ ላይ፣ ጥቁር ሻሽ አሥራ፣ የፋብሪካ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማለች። ጓዳ ውስጥ ሰፈርተኛ እንደሚያውቃት ሳይሆን፣ ከወረኢሉ በመጣው ዘመድ ሁሉ ፊት የዚያች ሴት ልጅ መሆኗ የሚነገርላት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ወረቀት የላት፣ የአባት ስሟ አይገጥም፣ ሃይማኖቷ ሌላ። የነበራት የኔ ድምፅ ብቻ ነው።

ማይኩን ያዝኩ። ጥሩ አድርጌ አነበብኩ፤ ደግሞ ሳነብ አልታማም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። "ምንም እንኳ በሕይወት ዘመናቸው የአብራካቸውን ክፋይ ለማየት ባይታደሉና ልጅ ሳይተኩ ቢያልፉም፣ የአካባቢያቸውን ሕፃናት ሁሉ እንደ ልጆቻቸው ይወዱ ነበር።"

ልጅ ሳይተኩ የሚለው ከአፌ ሲወጣ ቀና ብዬ በሩን አየሁ። አላለቀሰችም። ወደ ማይኩ ነበር የምታየው፤ የሰማችውን ነገር መልሼ እንዳስተካክለው የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ማቆም እችል ነበር። "ይቅርታ፣ ልጅ አለቻት፣ ያቻትና" ብል ማን ይከለክለኛል? ግን እጄ ላይ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ደግሞ ያምራል፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ቀጠልኩ። እስከ "ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን" ድረስ አነበብኩት። ላብ አጥምቆኝ ወረድኩ፤ ሰዉ ያዘንኩ መስሎት ጀርባዬን እየመታ አጽናናኝ።

ድንኳን ውስጥ ጥቂት ተቀምጣ ሄደች አሉኝ። ለሠልስቱም አልመጣችም። በዚያ ላይ የሰፈራችን ወጣቶች ወረቀቱን ፎቶ አንስተው የቅሬው ቴሌግራም ላይ ለጥፈውት ነበር። ከሥሩ የተደረደረው "ነፍስ ይማር"፣ "እንዴት ያለ ድንቅ ጽሑፍ ነው" የሚል ነው። እሷም የቅሬው አባል ናትና እያንዳንዱን አይታዋለች። ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ሳምንት እንደሆነ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢዬን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ የምለውን ሳዘጋጅ አንድም ቃል አልገጥም አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀየር ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ስታየኝ ሮጣ መጣች።

"ጋሼ! ምነው በዚህ ጉልበትዎ? ቢደውሉልኝ እኔ አልወጣም ነበር?"

ዛፍ ሥር ያለች ሻይ ቤት አስቀመጠችኝ። ሻይ አዘዘችልኝ፣ ስኳሩን ራሷ አማሰለችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ" አልኳት።

"ኧረ ጋሼ፣ አላህ ያቅልልዎ። የተጻፈውን ነው ያነበቡት።"

"እኔ እኮ አልጻፍኩትም" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት፤ ግን ወጣ። "ስልኩ ነው የጻፈው። ማሽን ነው።"

ብርጭቆዋን አዞረች አዞረችና፣ "ማሽኑ እማን ያውቃታል?" አለችኝ።

"አያውቃትም።"

"እርስዎስ ጋሼ?"

ያንን ሁለት ድስት ያየሁ ሰው ነኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሷም አላስጨነቀችኝም፤ ራሷ ነገረችኝ። ድንኳን ውስጥ ስትገባ ከገጠር የመጣች አንዲት ዘመድ "አንቺስ የማን ነሽ፣ እናቴ?" አለቻት። "እስከዚያን ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ወላሂ። የእማ ነኝ ልላት ነበር። ግን አሁን የተነበበውን እሷም ሰምታለች፤ ውሸታም እንዳትለኝ ፈራሁ። 'ጎረቤት ነኝ' አልኳትና ተነስቼ ወጣሁ።"

ይኼን ስትለኝ አለቀስኩ። እዚያው፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየኝ፣ ሽማግሌ ሰውዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ሶፍት ሰጠችኝ። በአርባዋ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት አስተካክላለሁ ብዬ ማልኩላት። "ያስተካክሉላት፣ ለሷ ሲባል" አለችኝ። ትመጪያለሽ ወይ ስላት "ኢንሻአላህ፣ ፈቃድ ከሰጡኝ" አለች።

አርባዋ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ስልክ አልነካሁም። ለቅሶ ቤቱ ኩሽና በር ላይ ተቀምጬ በእጄ ጻፍኩ፤ ለሴቶቹ አነበብኩላቸው፣ አረሙኝ። ወንድምየውንም አስቀመጥኩትና ለምን ልጅቷን አልነገርከኝም አልኩት፤ ቁጣዬን የማራግፍበት ሰው ፈልጌ ነበር። ሰውዬው በየዋህነት አየኝ። "ወልዳለች ወይ አልከኝ፤ አልወለደችም አልኩህ። አሳድጋለች ወይ ብለህ መች ጠየቅከኝ?" አለኝ።

ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ተነሳሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለብቻ በተዘጋጀላቸው ገበታ በልተው ተቀምጠዋል። ወደ በሩ አየሁ፤ የለችም። እስክትደርስ ብዬ ስለ ቅሬው ስብሰባ አንዳንድ ነገር አወራሁ። አልመጣችም። ሰው መነሳት ሲጀምር ተናገርኩ። "ቀብር ላይ ውሸት አንብቤላችኋለሁ። ያንን ወረቀት የጻፈው ማሽን ነው፤ ሳላጣራ ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ። ይህች ሴት ልጅ አላት" አልኩ፤ የልጅቷን ስም ጠራሁ፣ ከሁለት ዓመቷ ጀምሬ እስከ ፋብሪካው ድረስ አነበብኩት።

ስጨርስ ያቺ ፊት ለፊቴ የምትኖረው ባልቴት "እናውቃለን እኮ" አለች።

"ካወቃችሁ ያኔ ለምን ዝም አላችሁ?" ጮህኩባት።

"ተጽፎ ነበራ! ያን ያህል አምሮ የተጻፈ ነገር ዝም ብሎ ይመጣል? እኛማ ሳትሞት በፊት ራሷ እንዲህ በሉ ብላ ተናዝዛ ይሆናል፣ ከልጅቷ ጋር የማናውቀው ነገር ገብቷቸው ይሆናል ብለን ነው።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃያ ምናምን ዓመት በዓይናቸው ያዩትን፣ ዶሮውን በእጃቸው ያረዱላትን ነገር፣ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠራጥሬያቸው ነበር። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ድንኳኑ ሲፈርስ ደወልኩላት። አነሳችው።

"ፈቃድ ሰጥተውኝ ነበር ጋሼ። መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እግሬ እምቢ አለኝ" አለችኝ። "ሰው ሰማ?"

"ሁሉም ሰምቷል። ወንድሟም፣ ከገጠር የመጡትም። ስምሽን ጠርቼ ነው የነገርኳቸው። ቴሌግራሙም ላይ ተቀይሯል።"

"አልሐምዱሊላህ። አላህ ይስጥልኝ።"

ተመልሳ ሥራ ገብታ ኖሮ ከኋላዋ የፋብሪካው ማሽን ድምፅ ይሰማል። የጨረሰች መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል፣ "እኔ ግን ጋሼ" አለችኝ፣ "የሰማሁት የፊተኛውን ነው።"